ማሽኑ ያልተቀበላቸው ቀኖች

መጋቢት 10 ቀን 1999

«አምባው እስካለ ድረስ ይህ ሲስተም አይሞትም።»

ይህን ያለው ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተስፋሚካኤል ነው። ለእኔ አይደለም ያለው። ከሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከፈየራ ጋር ደረጃው ላይ ቆመው ሲያወሩ እኔ ከታች የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። በዚህ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ (ክፍሉ እስካለፈው ዓመት ድረስ እኔ ብቻ ነበርኩ)። ስለ እኔ የተነገረ የመጀመሪያው መልካም ቃል ስለሆነ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባዋል ብዬ ከሀይረዲን ሱቅ ይህን ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ «እንኳን ለ2000 ዓመተ ምሕረት በሰላም አደረሳችሁ» ይላል። ገና ስድስት ወር ይቀራል፤ ማተሚያ ቤቶቹ ቸኩለዋል።

ፈየራ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ብቻ ሳቀ። ደስ ብሎት ይመስለኛል።

መጋቢት 12

ጌዲዮን ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ጋሼ፣ ሰሙ?» አለኝ። ሰው የሞተ መስሎኝ ብድግ አልኩ።

ማይክሮሶፍት ከእንግዲህ አዲስ ፎክስፕሮ እንደማያወጣ አስታውቋል። ዘጠነኛው እትም የመጨረሻው ነው። ልጁ ወሬውን ኢንተርኔት ቤት ሄዶ አንብቦ፣ አሳትሞ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ነው ያመጣልኝ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለ።

ቀልድ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጌዲዮን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ባለፈው ዓመት ረዳት ሆኖ የተሰጠኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ወደፊት ሊያስፈልገኝ ስለሚችል በግልጽ ጽፌዋለሁ።

ፎክስፕሮ የፋብሪካው የሠራተኛ መዝገብ፣ የፈረቃው ድልድል፣ የመጋዘኑ ካርድ ሁሉ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ድሬስደን ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን በሚባል አገር። አገሩ አሁን የለም። ዲፕሎማዬ ላይ ያለው ማኅተም የማንም አይደለም። ስለዚህ የቆምኩበት ነገር ሲፈርስ ማየት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ልምድ አለኝ።

ወረቀቱ፣ ድጋፉ በፈረንጆቹ እስከ 2015 ይቀጥላል ይላል። በእኛ 2007 መሆኑ ነው። እኔ ስድሳ ዓመት የሚሞላኝ በ2007 ነው። እኔና ቋንቋው በአንድ ዓመት ጡረታ እንወጣለን። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይገጥምላቸውም።

መጋቢት 17

ስብሰባ። ጌዲዮን ሁሉም ነገር በዘመናዊ ቋንቋ እንደ አዲስ ይጻፍ አለ። «የሞተ ቋንቋ ላይ ቆመን ነው ያለነው» አለ። እኔ ተነሥቼ፣ በግዕዝ አፉን የፈታ ሰው ካለቀ ስንት መቶ ዓመት እንደሆነና ቅዳሴው ግን አንድም እሑድ ተቋርጦ እንደማያውቅ አስረዳሁ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ግዕዝን የቆሎ ተማሪ ይማረዋል» አለ። «ፎክስፕሮን ማን ይማረዋል? እኔ አልተማርኩትም። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ስሙንም አይሰማም። እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ...»

«አልታመምም» አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። የቀለድኩ መስሏቸው ነው።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ከውጭ የሚገባው ብርድ ልብስ ገበያውን ይዞታል፤ መቶ ሃያ ሰው ይቀነሳል። አገልግሎቱ ያጠረ ይቀድማል። ፈየራ ጠረጴዛውን መታ፦ «ዝርዝሩ ሰው እጅ ያልነካው ይሁን! ከመዝገብ ቤት ከወጣ የአለቃ ዘመድ ይዘለልበታል። ማሽኑ ያውጣው! ማሽኑ ያለው ይጸናል፣ አለቀ!» ተጨበጨበ። ተጻፈ። እሱም ፈረመ፣ እኛም ፈረምን።

ስንወጣ አቶ ተስፋሚካኤል ክንዴን ያዘኝ። «አቶ አምባው፣ ይህ ዝርዝር ያለ አንድ ስህተት ከወጣ፣ ስለ ሲስተም ለውጥ ሁለተኛ አላነሳም። ከተሳሳተ ግን የልጁን ሐሳብ ለቦርድ አቀርባለሁ። እርስዎም ያኔ...» የቀረውን በእጁ ነው የጨረሰው።

መጋቢት 18

የስብሰባውን ውሳኔ ለሀይረዲን ነገርኩት። የፋብሪካውን በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለው እሱ ነው፤ ውሳኔ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የሚጸድቀው።

«ሰው እጅ ያልነካው?» አለ ሻዩን እየቀዳ። «ጋሼ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ያለ ዕቃ የለም። የታሸገውን ውሃ ራሱ ከካርቶኑ የማወጣው እኔ ነኝ።»

ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ነገር የለም።

መጋቢት 27

ዝርዝሩ ወጣ። አታሚው ሃያ ደቂቃ ጮኸ። መቶ ሃያ ስም፤ አንድም የተደገመ የለም። ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ወንዝ ዛሬ ቀይ ነው፤ ማቅለሚያ ክፍል ቀይ ብርድ ልብስ ይዟል ማለት ነው።

ከላይ ያሉት ሃያ ሦስቱ «አገልግሎት፦ ዜሮ» ይላሉ። አዲስ ገቢዎች ይሆናሉ። አንዷ አማረች ትባላለች። አማረች የሚባል ሰው ብዙ ነው።

ሚያዝያ 2

ዓውደ ዓመቱን እንዳናበላሽባቸው ተብሎ ዝርዝሩ ከፋሲካ በኋላ ተለጠፈ። አስተዳደሩ አሳቢ ነው። በሩ ላይ ሰው ተጋፍቷል። አንዷ ከኋላ መጥታ፣ «እንኳን አደረሰሽ!» ስትል ሌላዋ ከወረቀቱ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ወዴት?» አለች።

አማረች እሷው ናት። እትዬ አማረች፣ የፈትል ክፍሏ፤ መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረው የሟቹ የአጥናፉ ሚስት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጡረታዋ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። የእኔ ፕሮግራም አንድም ቀን አልሠራችም ይላል። የስንብት ደብዳቤዋ ዜሮ ካለ የጡረታ ጥያቄዋ ከመጀመሪያው መስኮት ነው የሚመለሰው።

ከወረቀቱ ፊት ቆማ በጣቷ ስሟን ነካች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች፤ ሰዎች የሚታረም ስህተት ሲያዩ ፈገግ እንደሚሉት።

ሚያዝያ 4

ጌዲዮን በሩን ዘግቶ ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

«ጋሼ፣ የሃያ ሦስቱንም የወረቀት ካርድ መዝገብ ቤት ገብቼ አየሁ። አሥራ ዘጠኙ የተቀጠሩት በአንድ ቀን ነው፤ ጥቅምት 30 ቀን 1970፣ ሦስተኛው ፈረቃ የተከፈተ ዕለት። የቀሩት ጥቅምት 29 ወይ ጳጉሜ ነው። እርስዎ ያውቁታል አይደል?»

«ምኑን?»

«ስህተቱን። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ጋሼ። ዛሬ አስተካክለን አዲስ ዝርዝር እናውጣ። ያገኘሁት እኔ ነኝ አልልም። እርስዎ አገኙት እንላለን።»

«ከተሳሳተ ምን እንደሚከተል ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። እትዬ አማረች ግን ልትወጣ ነው።»

አስብበታለሁ አልኩት።

እያሰብኩበት ነው። ለራሴ ብቻ ልጻፈው። ፎክስፕሮ ቀን የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። በ1987 መዝገቡን ስሠራ የእኛን ቀን እንዳለ በፈረንጁ ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ የእነሱም ወሮች ከአንዱ በቀር ሠላሳ ይይዛሉ። ያ አንዱ ሁለተኛው ወር ነው፤ ሃያ ስምንት ላይ ይቆማል። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ነው። ስለዚህ ጥቅምት 30 ሲጻፍለት ማሽኑ «ልክ ያልሆነ ቀን» ብሎ ይመልሳል። ጳጉሜንማ፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው፣ ጭራሽ አይሰማትም። በዓመት ስምንት ቀን ለማይሞላ ነገር ሙሉ ፕሮግራም አይፈርስም ብዬ ነበር። በኋላ አስተካክላለሁ ብዬም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም፤ አገልግሎት የሚቆጠረው ከወረቀቱ ካርድ ነበርና።

መረጃውን በጣቱ ያስገባው አጥናፉ ነው። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ጠይቆኝ ነበር። ምን እንደመለስኩለት ትዝ አይለኝም።

ሚያዝያ 9

የአቤቱታ ኮሚቴ። እትዬ አማረች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ካርዷን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ መጣች። አዳራሹ ሞልቷል።

«ካርዷ ጥቅምት 30 ቀን 1970 ይላል» አለ ፈየራ። «ማሽኑ ለምን ዜሮ አለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተስፋሚካኤል ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ያስገባል፣ ያወጣል። ጌዲዮን ከኋላ ወንበር ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል።

«ማሽን የተሰጠውን ነው የሚያወጣው» አልኩ። «ባዶ ከተሰጠው ባዶ ያወጣል።»

«ባዶ የሰጠው ማነው?»

«መረጃውን ያስገባው የመዝገብ ቤቱ አቶ አጥናፉ ነው።»

ከዚያ ከጥግ አንዱ፣ «ባሏ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ፣ ምን ብታደርጊው ነው?» አለ ሌላው። ይህን ያህል የሳቁት ከዓውደ ዓመት በፊት ነው።

እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ማንንም ሳታይ፣ «አጥናፉ የኔን ይዘለዋል?» አለች።

ፈየራ ካርዱን ተቀበሉ ሊል አፉን ከፈተ። ተስፋሚካኤል ቀደመው፦ «በካርድ ከጀመርን ነገ መቶ ሰው ካርድ ይዞ ይመጣል። ካርድ ደግሞ ውጭ ይታተማል። ማሽኑ ያለው ይጸናል ያልከው አንተ ነህ፤ ፊርማህ ይኸው።» ፈየራ ፊርማውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው፤ የሌላ ሰው ይሆን እንደሆነ ብሎ ይመስላል። የቀሩት ሃያ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ እንዲመለስላቸው ተወሰነ።

ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ደግሜ አነበብኩት። የለም።

ሚያዝያ 10

ጌዲዮን አላናገረኝም። ሻይም አልጠጣም። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስከ ሰኞ ድረስ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ» አለ። እርስዎ ማለቱን አልተወም። ጨዋ ቤተሰብ ያሳደገው ልጅ ነው።

ሚያዝያ 12

ጌዲዮን ማስረጃውን ቤቱ ወስዶ እያዘጋጀ መሆኑን አወቅሁ። የፋብሪካ መረጃ በፍላሽ ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው፤ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ለዘበኛው ለሰቦቃ፣ ለጥንቃቄ ያህል የልጆቹን ቦርሳ እንዲያይ ነገርኩት።

«የልጆቹን?» አለ ሰቦቃ። «አቶ አምባው፣ እርስዎ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለዎት።»

ሚያዝያ 15

ሰኞ። ፍላሹ ተገኘ። ተጻፈ። ተሰናበተ። ሁሉም ከምሳ በፊት።

ዕቃውን በካርቶን ሲሰበስብ አጠገቡ ቆምኩ፤ የክፍል ኃላፊ መቆም አለበት። ስለ ሃያ ሦስቱ ለተስፋሚካኤል ነግሮታል፤ ተስፋሚካኤልም፣ «በተሰረቀ መረጃ አልነጋገርም» ብሎታል አሉ። ካርቶኑን አንሥቶ፣ «ጋሼ» አለኝ፣ «እኔ እኮ ሞተ ያልኩት ቋንቋውን ነው።»

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም።

ግንቦት 3

በምሳ ሰዓት እትዬ አማረች ቢሮዬ መጣች። ወንበር ሰጠኋት። ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠችው።

«አምባው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ስለ ሥራው አይደለም፤ ሥራው ይቅር።»

«ይጠይቁኝ እትዬ።»

«አጥናፉ የሁላችንን ስም እዚህ ማሽን ላይ የጻፈው መቼ ነው? ወሩን ታስታውሳለህ?»

«በሰማንያ ሰባት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ።»

በጣቷ ቆጠረች። «ኅዳር» አለች። «ኅዳር ላይ ተኳርፈን ነበር። የእህቴን ልጅ ሳታማክሪኝ ቤት አስገባሽ ብሎ። አርባ ቀን አላናገረኝም። ሳሎን ነበር የሚተኛው።» የቆጠረችበትን ጣቷን አጠፈች። «ያኔ ነው የዘለለኝ ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ የቀጥታ መልስ ነበረው። መስኮቱን አየሁ። ከመንገዱ ማዶ የማረሚያ ቤቱ ጠያቂዎች ሳህናቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ተሰልፈዋል።

«ሊሆን ይችላል እትዬ» አልኩ። «ሰው ሲናደድ...»

«ከዚያ በኋላ ግን ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል እኮ። እስኪሞት ድረስ በየቀኑ ምሳዬን ፈትል ክፍሉ በር ድረስ ያመጣልኝ ነበር። እያወቀ?»

«ረስቶትም ይሆናል።»

ይህን ያልኩት ላጽናናት ነው።

«መርሳቱ ይብሳል» አለችና ተነሣች። ስትወጣ ወንበሩን ወደ ነበረበት መለሰችው።

ግንቦት 4

አልተኛሁም። ያልተስማማኝ ማታ የበላሁት ድንች ይመስለኛል።

ግንቦት 22

መቶ ሃያዎቹ ወጡ። የግንቦት ሃያን በዓል አክብረው ነው። አስተዳደሩ እያንዳንዳቸውን በአንድ ብርድ ልብስ ሸኘ፤ ግራጫ፣ ለገበያ የማይሆን ጠርዝ ያለው። አርባ የሚሆኑት ብርድ ልብሱን በር ላይ ለሀይረዲን አደራ ብለው ሄዱ። አልተመለሱም። ሱቁ መተላለፊያ የለውም።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይወስዱም?» አለኝ። «ሰው እጅ ያልነካው ነው።»

ሲስተሙ ይቀጥላል። ተስፋሚካኤል ቃሉን ጠብቋል። ስለ ለውጥ የሚያነሣ የለም። ፕሮግራሙን ከፍቼ አንድ ሙሉ ቀን አየሁት። ያምራል። እንዲህ ያለ ነገር ከእንግዲህ የሚጽፍ ሰው የለም።

ሰኔ 13

ባለቤቴ የሺሐረግ ማታ፣ «አማረች ዘንድሮ ሳትጠራን ቀረች?» አለች። እውነትም ትናንት ሰኔ ሚካኤል ነበር። አጥናፉ ከሞተ ጀምሮ እትዬ አማረች በየዓመቱ በዚህ ቀን በስሙ ድፎ ዳቦ ታስቆርሳለች፤ እኛም እንሄዳለን።

«ረስታ ይሆናል» አልኳት።

«አማረች? የአጥናፉን ቀን?»

ጎረቤቷን ጠይቃ መጣች። ዳቦም አልተጋገረም፤ ለካህን የተነገረም የለም። ፎቶግራፉን ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዳዋለች። ጎረቤቷ ለምን ብትላት፣ «ሲያየኝ ደስ አይለውም» ብላታለች።

የሺሐረግ ይህን ስትነግረኝ ወጥ ትጨልፍልኝ ነበር። «ምን ብትሰማ ነው?» አለች። ሰዎች ብዙ ነገር ይሰማሉ አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው የጨለፈችልኝ። በላሁት።

ሐምሌ 9

ዝናብ። የባቡሩ ሐዲድ ሳር በልቶታል፤ ከድሬዳዋ የሚመጣው ከቆመ ቆየ። ጣቢያው ግን ሠራተኛ አለው። ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። አከብረዋለሁ።

ሐምሌ 10

አጥናፉ ያለኝ ትዝ አለኝ። በሩ ላይ ቆሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፦ «አምባው፣ ማሽኑ እነዚህን ሰዎች አልቀበል አለኝ።»

እኔም፦ «ባዶ አድርገህ እለፋቸው፤ በኋላ አስተካክላለሁ።»

እሱ፦ «እንዳትረሳ።»

ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር የሚል ሐሳብም መጣብኝ። ሐሳብ ማስረጃ አይደለም።

ሐምሌ 24

እትዬ አማረች ቤቷን ለቅቃ ልጇ ዘንድ ደብረ ዘይት ገብታለች አሉ። የጡረታ ጥያቄዋ ተመልሶባታል። ወንዙ ጠርቷል፤ ማቅለሚያ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚሠራው። ልጆች ይዋኙበታል።

ነሐሴ 8

አቶ ተስፋሚካኤል አስጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሻይ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ነገሩ ገባኝ።

«ስለ ሲስተም ሁለተኛ አላነሳም ብዬዎት ነበር» አለ። «አላነሳሁም። ያነሳው ቦርዱ ነው። ከውጭ ድርጅት የተዘጋጀ ተገዝቷል። የኮምፒውተር ክፍሉ መደብ ይታጠፋል።»

«ሲስተሙ ያለ ስህተት ነው የሠራው» አልኩ።

«እሱማ! ለዚህ እኮ ነው የተቸገርነው። ለፈየራም መጋቢት ላይ ነግሬው ነበር፤ አምባው እስካለ ድረስ ይህ ሲስተም አይሞትም ብዬ። ታዲያ ምን ይደረግ?»

ይህ ከዚህ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። ማስታወሻ መያዝ ጥቅሙ ይህ ነው።

የሁለተኛውን ዙር ቅነሳ ዝርዝር እንዳወጣ ጠየቀኝ። አወጣሁ። ሠላሳ አራት ስም። የመጨረሻው የእኔ ነው። አገልግሎቴን በትክክል ቆጥሯል፤ እስከ ቀኑ ድረስ።

ነሐሴ 25

ከውጭው ድርጅት ሁለት ልጆች መጥተው መረጃውን ወደ አዲሱ ሲስተም አሸጋገሩት። ሳምንት ይፈጃል ብለው ነበር። በአንድ ከሰዓት አለቀ።

«አባት፣ እንዲህ ንጹሕ ዳታ አይተን አናውቅም» አለ አንደኛው። «የፎክስፕሮ ቀን ብዙ ቦታ አስቸግሮናል። ባዶ የተቀጠረበት ቀን፣ የጳጉሜ ጉድ... የእናንተ ላይ አንድም የለም።»

«አዎ» አልኩ። «ግንቦት ላይ ጸድቷል።»

ጌዲዮንን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ያውቁታል። ሥራ እየፈለገ ነው። በምን ምክንያት እንደወጣ ፋይሉ ላይ ስላለ የሚቀጥረው አላገኘም። ጎበዝ ልጅ ነበር አሉ። ነው አልኩ፤ ነበር አላልኩም። ይህም አንድ ነገር ነው።

ጳጉሜ 6

የዓመቱ መጨረሻ። ነገ ሚሊኒየሙ ነው። አደባባዩ ሁሉ መብራት ለብሷል፤ ከመናኸሪያው በኩል ከጠዋት ጀምሮ ጡሩምባ ይሰማል። ፎክስፕሮ እንደሚለው ዛሬ የሚባል ቀን የለም። በሌለ ቀን ቢሮዬን አስረከብኩ።

የሚወሰድ ብዙ አልነበረም። ሁለት የጀርመንኛ መጽሐፍ፣ መነጽር፣ ጃንጥላ፣ የፎክስፕሮ መመሪያ፤ ስድስት መቶ ገጽ ነው፣ አሁን ለበር ማስደገፊያ ይሆናል። ሰቦቃ ቦርሳዬን ከፍቶ ፈተሸ። ደንብ ነው አለ። መመሪያውን አንሥቶ ሲያራግፈው አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ስለ ቀን ከሚያወራው ምዕራፍ መሃል ነው የወጣው። «የፋብሪካ ወረቀት ነው?» አለኝ። የግሌ ነው አልኩ።

ሀይረዲን ሱቅ ተቀምጬ ገለጥኩት። አሁንም ከፊቴ ነው። ደብረ ዘይት በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ግን ለዓውደ ዓመት ዋዜማ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይዞ አይኬድም። ከመስቀል በኋላ አያለሁ።

የአጥናፉ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ድጓ ጸሐፊ ነበር የሚጽፈው። ከላይ፦ «ማሽኑ ያልተቀበላቸው። ለአምባው፣ እንዳይረሳ።» ሃያ ሦስት ስም፣ ከእነ ቀናቸው። አንደኛ ተራ ላይ ያለችው አማረች ናት፤ በቀይ ተሰምሮባታል፤ አጠገቧ በትንሹ «የኔዋ» ይላል። ከግርጌ «ተረክቤአለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ። ቀን የሚለው ቦታ ባዶ ነው።